የክርስትና ስሟ

ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ኪዳን ማስደረስ ለምዳለች። ጸሎቷ ግን ከከንፈሯ አያልፍም፤ ዓይኗ አጠገቧ በሚሰግዱት እማሆይ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ደረቅ ሳሏን በነጠላዋ ስታፍን ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ይሄ ሳልሽ አላማረኝም» አሏት። «የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፤ ሱባኤ ልግባልሽ።»

በክርስትና ስም መተት እንደሚሠራ ስትሰማ ነው ያደገችው። ለማታውቃቸው ሰው ስሟን አሳልፋ ትስጥ? አጥር የገፋችባት፣ አሁን አልጋ ላይ የዋለችው ጎረቤቷ እልፍነሽ ትዝ አለቻት። ሳይኳረፉ በፊት አንድ ማኅበር ይጠጡ ስለነበር የእልፍነሽን የክርስትና ስም ታውቃለች። ከመጣም በእሷ ይምጣ።

«ወለተ ሐና» አለች።

እማሆይ ሱባኤ ገቡ። እሷም በየማለዳው ከአጥሩ ማዶ እሪታ ትጠብቅ ጀመር። አንድ ጠዋት የሰማችው ግን የመጥረጊያ ድምፅ ነበር። ሐኪም ተስፋ የቆረጠባት እልፍነሽ ተነሥታ፣ እያንጎራጎረች ደጇን ትጠርጋለች።

እየሳለች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። እማሆይ ከሱባኤ ወጥተው ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

«እሰይ፣ ደስ ይበልሽ! ልመናዬን ሰማኝ። ወለተ ሐናን ምሬልሻለሁ ብሎኛል።»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ሳሉ አጣደፋት። እማሆይ እስኪያበቃላት ጠበቁ፤ ከዚያ ትክ ብለው አዩዋት።

«ታዲያ ሳሉ ለምን አልተወሽም?»