ሰሜኑ የበራበት ካርታ

ካርታ ሠሪዋ የምትሠራው ካርታ መንገድም ወንዝም የለውም። ከከዋክብት መካከል እየፈሰሰ ወደ ፀሐይ ሰፈር የሚገባ ስስ ሃይድሮጅን አለ። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት፣ በዓይን የማይታይ ፍካት ይሰጣል። ሩቅ የተላከች አንዲት መንኮራኩር ያንን ፍካት ታነሳለች፤ ምስሉም በየሳምንቱ ካርታ ሠሪዋ ዘንድ ይደርሳል።

ሥራው እንደ ጠጠር ለቀማ ነው። ከፍካቱ ጋር የተደባለቁ የከዋክብት ነጠብጣቦችን በዓይኗ እየፈለገች አንድ በአንድ ታወጣለች። ሳይወጣ የቀረ ኮከብ እንደ ፍካት ይቆጠራል። ሃያ ሁለት ዓመት ለቅማለች። "እህል ብለቅም ኖሮ አገር በመገብኩ" ትላለች።

ከለቀማው የተረፈው ፍካት ስለ ፀሐይ ነፋስ ይናገራል። ነፋሱ በፀሐይ ወገብ በኩል ከባድ ስለሆነ ሃይድሮጅኑን ይበላዋል፤ ካርታው እዚያ ይደበዝዛል። ወደ ዋልታዎቹ ነፋሱ ይፈጥናል፣ ግን ይሳሳል፤ ፍካቱም ይተርፋል። ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የካርታው አናት፣ ሰሜኑ፣ ከሚገባው በላይ ይበራ ጀመር። በየወሩም ይጨምራል። ነፋሱ በሰሜን በኩል እየሳሳ ነው ማለት ነው። ይህን ከእሷ በቀር ያየ የለም።

ጡረታ ልትወጣ ሰባት ወር ለቀራት ሰው ሲሳይ ነበር።

ችግሩ አራሚው ነው። ከጎኗ ባለው ክፍል የሚቀመጥ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ካርታዎቿ ከመላካቸው በፊት የሚያያቸው እሱ ነው። አርብ በርቶ የተወችው ሰሜን ሰኞ ደብዝዞ ይጠብቃታል።

"ምን አድርገኸው ነው?" አለችው አንድ ሰኞ።

"ከዋክብት ነበሩ፣ እትዬ። አወጣኋቸው።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ኮከብ ስለቅም አንተ የት ነበርክ?"

"ትምህርት ቤት" አለ በትሕትና። "ይምጡና ላሳይዎት።"

"አንተ? ለእኔ?"

ፊቷን አዙራ ስትወጣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሳጥን ክፍት በር ጋር ግንባሯ ተላተመ። በዚያ ሳምንት ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። "ይሄንንም አንተ ነህ የከፈትከው" አለችው። እሱ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ማታ ልጇ እብጠቱን አየች።

"እማዬ፣ መነጽርሽን አስለውጪ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ?"

"ፊደሉን ጥርት አድርጌ ነው የማነበው። እኔን ያቃጠለኝ ሰው ነው። ልፋቴን ውሃ አስበላው።"

ሦስት ወር እንዲሁ ሄደ። አርብ ሰሜኑን በርቶ ትተወዋለች፣ ሰኞ ደብዝዞ ታገኘዋለች። ፋይሉን ቆለፈች፤ አራሚው የመክፈት ሥልጣን አለው። ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጻፈች፤ "ይታያል" የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ደግሞ የኃላፊው ጸሐፊ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ጣለችባት፤ አራሚው የሁለት ዓመት ምስሎቿን ለብቻው እየሰበሰበ ነው። ግኝቷን በራሱ ስም ሊያወጣው ነው አለች በልቧ። ካርታ ሠሪዋ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ድምፅዋ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈተችና አለቀሰች። ሌባው በር ላይ ቆሞ እያየችው የምትጮህለት ያጣች ሰው ሆነች።

ኃላፊው የአስተዳደር ሰው ነው፤ የከዋክብቱን ነገር አያውቅም፣ አላውቅም ማለትም አይወድም። በመጨረሻ "ለሰላም ሲባል" አለና አራሚውን ወደ ንብረት ክፍል አዛወረው። እሱ አልተከራከረም። ዕቃውን በአንድ ካርቶን ይዞ በሯ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ከመላክዎ በፊት ለአንድ ሌላ ሰው ያሳዩት።"

"እንዳንተ ላለ?"

አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሰሜኑ በራ። ግኝቷ በስሟ ወጣ፤ ከአራት ተቋማት የእንኳን ደስ ያለሽ ደብዳቤ መጣላት። ኃላፊው ካርታውን በፍሬም አሠርቶ መግቢያው ላይ ሰቀለው። ካርታ ሠሪዋ ከዓመት ወዲህ እንቅልፍ የጠገበችው በዚያ ሳምንት ነው። አራሚውን ደረጃ ላይ ስታገኘው እንኳ ሰላም አለችው፤ ላሸነፈ ሰው ይቅርታ ቀላል ነው።

ልቧ ስለቀለላት የልጇንም ልመና ሰማች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አብረው ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የካርታ ሠሪዋን አገጭ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነጭ መሣሪያ ላይ አሳረፈች፤ እጇ ላይም ቁልፍ አስያዘቻት።

"መሃል ያለችውን ነጥብ ብቻ እያዩ፣ ዙሪያዋ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ይጫኑ።"

"ይሄማ ኑሮዬ ነው" አለች ካርታ ሠሪዋ፤ ልጇም ሳቀች።

ጫነች፣ ጫነች። አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ ምንም ብርሃን አይመጣም፤ ያኔ ጣቷን አሳርፋ ትጠብቃለች። መሣሪያው ሲያበቃ አንድ ወረቀት ተፋ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችው፤ ወንበሯን ስባ ቀረብ አለችና ልጅቷንም እንድትቀመጥ ጋበዘቻት።

"እናቴ" አለች ሐኪሟ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከላይ በኩል ሃያ ስድስት ጊዜ ነው ያበራሁልዎት፤ አንዱንም አላዩትም።"