ሰልስቱ በወጣ ማግስት

“የወንድሜ ሰልስት ትናንት ወጥቶ ዛሬ ካምፒንግ? ያውም ከውሻ ጋር!” የባሏ ታላቅ እህት እትዬ ሣህሊቱ በስልክ ጮኹባት። እሷ ሟች ባሏ በየዓመቱ ውሾቹን ይዞ በሚወጣበት፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያየው አሮጌ ምሽግ ግንብ ላይ፣ ጥቁር ነጠላዋን እንዳጣፋች ተቀምጣ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ምግብ እምቢ ያሉት ሁለቱ ውሾቹ ገና አሁን ከመዳፏ ሥጋ መብላት ጀምረዋል። እንዳይደነግጡባት እጇን ሳታንቀሳቅስ ስልኩን በትከሻዋ ደገፈችው።

“ለቀስተኛው ፌርፋክስ ቤትሽ ድረስ መጥቶ በር ተዘግቶበት ተመለሰ። ሶ፣ ውሾቹን ዛሬውኑ ለውሻ ማቆያ ሼልተር ስጪና ቤትሽ ግቢ።”

“አልሰጥም፣ እትዬ።”

“ምኖችሽ ናቸው? ውሾች እኮ ናቸው!”

“እርስዎና እኔ የእዝኑን ምግብ ስንበላ፣ እነሱ ምንም ሳይቀምሱ ነው የሰነበቱት።”

ትንሹ ውሻ መዳፏን ልሶ ጨረሰና ሌላ ፈልጎ ቀና ብሎ አያት።

“እሺ፣ ሰዉ የት ሄደች ቢለኝ ምን ልበል?”

ጠዋት አሸዋው ላይ የወጠረችውን ቢጫ የካምፒንግ ሸራ ከላይ ሆና አየችው።

“ባሕሩ ዳር ድንኳን ተክላ ለቅሶ ተቀምጣለች ይበሏቸው። ማልቀስ የፈለገ ይምጣ።”