ያልተቆረጠው ክር

ዛሬ ሐኪሙ የሚጠግነው የሟች የቀዶ ጥገና መምህሩን ባለቤት ትከሻ ነበር። ጅማታቸው የተበጠሰው አልጋ ላይ የዋሉ ባላቸውን ደግፈው ሲያነሱ ነው።

“እሱ ቢኖር፣ አንተን ‘ቆመህ እይ’ ነበር የሚልህ” አሉት፣ ማደንዘዣው ሳይወስዳቸው በፊት።

“እውነትዎን ነው፣ እትዬ” አለ።

መምህሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ግራኝ ነበሩ። ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር ሰፍተው፣ ወደ ግራ ሦስት ጊዜ ይቋጥሩና የክሩን ጫፍ ወጥረው ይይዙለት ነበር። “በል ቁረጥ፣ ይሄ ያንተ ድርሻ ነው” ይሉት ነበር። ሌላ ሰው አስቆርጠው አያውቁም።

የእትዬ ትከሻ ቆዳ ላይ አንድም የድሮ ጠባሳ የለም። ባለፈው ሳምንት በተነሳው ምስል ላይ ጅማቱ ከአጥንቱ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ነበር። ሐኪሙ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ቀጭኗን ካሜራ አስገባና ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ።

ጅማቱ አጥንቱ ላይ ተሰፍቷል። ሦስት ቋጠሮ፣ ሦስቱም ወደ ግራ።

“ዶክተር፣ ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር እንዴ?” አለች ነርሷ።

“ኧረ በጭራሽ።”

የክሩ ጫፍ አልተቆረጠም። መገጣጠሚያውን በሚያጥበው ውሃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋል። ሐኪሙ ካሜራውን ወደ ክሩ አስጠጋ። ጭምብሉ በእንባ ረጥቧል።

“መቀስ” አለ በመጨረሻ።

ክሩ ቀጥ ብሎ ተወጠረ።