የመቃኑ ጭረት

የቀድሞ አባቶች ያለ ውሃ ልክ ድንጋይ አይጭኑም፤ የልጃቸውንም ቁመት በበር መቃን ላይ ሳይጭሩ ዓመት አያሳልፉም ነበር። የአሮጌ ቤቶችን ነዋሪዎች ሲያጠኑ ያረጁት መምህር፣ የወንድማቸው ልጅ የገዛውን አሮጌ ቤት የበር መቃን ቀለም ፋቁ። በየዘመኑ እዚያ የኖሩት የዳኛው፣ የልብስ ሰፊው፣ የአዋላጇም ልጆች ጭረት እየወጣ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያው ላይ ጭረት በጭረት ተደራርቦ እንጨቱ ጎድጉዷል።

«ከዚህ ያለፈ ልጅ የለም» አሉ።

«ጋሼ ደግሞ፣ ምስጥ የበላውን ሁሉ ታሪክ ያደርጉታል!» ብሎ የወንድማቸው ልጅ ሳቀ።

«እስቲ ልጅህን አቁማት።»

ልጅቱ መቃኑን ተደግፋ ቆመች። አናቷ ከጉድጓዱ ጋር ተስተካከለ።

አባቷ ሳቁን ዋጠና እግሯን አየ።

«ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ። ይህን ጫማ የገዛሁላት እዚህ ቤት ስንገባ ነው። ሦስት ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ልኳ ነው።»