በፕላኑ ላይ አራት

ቢራራ በሰሜን ተራሮች፣ ከጨነቅ በታች ካለች መንደር ተነሥቶ፣ በዳባትና በደባርቅ መካከል በፕላን ወደተሠራው አዲሱ ዋና ከተማ ከገባ ሁለት ወሩ ነው። ውኃው ከደጅ፣ መንገዱ እንደ ክር የተወጠረ፤ ለኑሮ እንከን አይወጣለትም። ቢራራ ግን በቅሎ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለሆነ እንከን የሌለው ነገር አይጥመውም።

ያስጠረጠረው በከተማው አስተዳደር ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፕላን ነበር። በየቤቱ ላይ የነዋሪው ቁጥር ተጽፏል፤ በእሱ ቤት ላይ አራት ይላል። እነሱ ግን ከሚስቱ ከወርቄና ከልጃቸው ከናዝራዊት ጋር ሦስት ናቸው።

«ይኼ ተሳስቷል፣ የኔ ልጅ። ይታረምልኝ» አላት የቢሮውን ሠራተኛ።

«ፕላኑ አይሳሳትም፣ ጋሼ» አለችው ሠራተኛዋ፣ ቀና ሳትል። «የጎደለ ካለ ይሞላል።»

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ዓይኑን ትሪው ላይ ይተክል ጀመር። ሦስቱም እንደ ወጉ ከየፊታቸው ነው የሚቆርሱት፤ ማንም ባልተቀመጠበት በኩል ያለው እንጀራ ግን ሁልጊዜ ተቆርሶ ይገኛል። ናዝራዊትን ጠረጠረ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ሲቀርብ አጠገቡ አስቀመጣትና እጇን ሲጠብቅ ቆየ። ልጅቱ ከፊቷ አላለፈችም።

ወርቄ አንድ ጉርሻ ጠቀለለችና ማንም ወዳልተቀመጠበት በኩል ዘረጋች። እጇ ባዶውን ተመለሰ።

ቢራራ እጁን ከትሪው አነሣ። «ወርቄ፣ ማንን ነው የምታጎርሺው?»

ወርቄ ወደ እሱ አልዞረችም።

«አንድ ያጣላል» አለች ወደ ባዶው ቦታ ፈገግ ብላ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።