ሃያ ሦስት ጆሮ

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ለደንበኛዋ የቀሚስ ሞዴል ልታሳይ በከፈተችው ኮምፒውተር ላይ ያው ማስታወቂያ ዛሬም ብቅ አለ፤ በቀዶ ጥገና ጡታቸው ለወጣ ሴቶች የሚሆን ጡት መያዣ። ደንበኛዋ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ሞዴሉን ሳትመርጥም ወጣች። የልብስ ሰፊዋም ጡት እንዲህ መውጣቱን የምታውቀው ታናሽ እህቷ ብቻ ነበረች። እሷንም «ካንቺ ሌላ ማን ሊያወራ!» ብላ ካባረረቻት ሳምንት አልፏል።

ኮምፒውተር የምታውቀው የወንድሟ ልጅ ተጠርታ መጣችና ጥቂት ነካካች። «አክስቴ፣ ማንም አላወራብሽም። ስለ ሕመሙ ያነበብሽበት ገጽ ላይ የማስታወቂያ ድርጅቶች ተደብቀው ይከታተሉሽ ነበር። አሁን አገድኳቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው።»

«ሃያ ሦስት!» ደሟ ፈላ። «በሬን ዘግቼ አንድ ገጽ ባነብ፣ ሃያ ሦስት ጆሮ ጠቢ መስኮቴ ሥር ተሰልፏል? ዓይናቸው ይፍሰስ!»

«በቃ፣ ከእንግዲህ አያዩሽም።»

ልብስ ሰፊዋ ግን ቁጣው አልበረደላትም። ስልኳን ዘረጋችላት።

«ይሄን ደግሞ ክፈቺልኝ!»

የታገዱ ቁጥሮች ዝርዝር ላይ ያለው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ «እህት ዓለም» ይላል።