ጉም ውስጥ የተጣለ ዳቦ

በእንግሊዝ አገር ጅብ እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል። ወሬው ያልደረሳቸው እግሮቹ ናቸው። የጠጠሩን ዳገት ጨርሶ ጉም ውስጥ እንደገባ፣ ከኋላው ቁና ቁና የሚተነፍስ ነገር ሰማ፤ ከዚያ ወዲህ የብስክሌቱን ፔዳል የሚረግጠው ፍርሃቱ ነው።

ሰው ነው እንዳይል፣ አብሮት የወጣ ሌላ ሰው የለም። ጎረቤቱን እትዬ ዘርፌን «ይሄ ዳገት ለጉልበትዎ አይሆንም» ብሎ ከነባትሪ ብስክሌታቸው ታች መንደሩ ሻይ ቤት ትቷቸዋል።

የአያቱ ምክር ትዝ አለው፤ ጅብ ከተከተለህ ዞረህ አትይ፣ የያዝከውን ወርውርለት። እትዬ ዘርፌ ለስንቅ የጋገሩለትን ድፎ ዳቦ ከነፌስታሉ ወደ ኋላ ወረወረ። ድምፁ ጠፋ።

«ተመስገን!»

ብዙም ሳይቆይ ጠጠሩ እንደገና ተንኮሻኮሸ። አሁንስ ቀረበ።

«አንተ ልጅ፣ ቁም እንጂ!»

እትዬ ዘርፌ! እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ እንደዚያ ሲተነፍሱ የነበሩት? በድንጋጤ ገደሉኝ እኮ!»

«በባትሪ የሚሄድ ሰው ምን ቁና ቁና ያስተነፍሰዋል?» ፊታቸው አመድ መስሏል። «ከዳገቱ ወገብ ጀምሮ ከኋላዬ አልላቀቅ ያለኝ ነገር አለ። ብጠራህ፣ ብጠራህ አትሰማም!»

ያ ትንፋሽ ከጉሙ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ዐይኑ በእትዬ ዘርፌ ብስክሌት ቅርጫት ውስጥ የተቀመጠው ፌስታል ላይ አረፈ።

«ዳቦውን ለምን አነሱት?»